ስንት ቀረሽ?

በሚያዝያ ማለቂያ፣ ወይኑ ሲያቆጠቁጥ፣
ጉሙ ከሞዘል ላይ ገና ሳያመልጥ፣
መንደሩ በሙሉ ገደሉ ላይ ወጣ፣
ሰሌዳ ድንጋዩ ጫማ ከሚያዳልጥ።

በየወገባችን ከረጢት ታጥቀናል፤
በከረጢቱ ውስጥ እልፍ ቡናማ ቱቦ፣
ጣት የሚያህል፣ ቀጭን፣ ለእኛ አፍንጫ ባዶ፣
ለሌላው ግን ሰርግ ነው፣ ዘመዱን ሰብስቦ።

ቬሬና አስረዳችን፣ የማኅበሩ ጸሐፊ፦
«ይህ መርዝ አይደለም። የሴቷ ጠረን ነው።
የወይን እሳት እራት፣ ሲመሽ ወንድ ስትጠራ
በነፋስ የምትልከው አድራሻ ነው።
ሰማዩን በሙሉ በአድራሻ ስንሞላው
ወንዱ ቤቱ ይጠፋዋል።
ሳይገናኙ ያድራሉ። እንቁላል የለም።
ትል የለም። ፍሬው አይበሳም፣ አይሻግትም።
ግን አንድ ሰው ካልሰቀለ…»
አለችና ዞራ ካቡን አየች።
ሁላችንም አየን።

ከካቡ ወዲያ የፎልክማር ማሳ ነው።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቃል አልተለዋወጥንም።
ዝናብ ለናደው ሦስት ክንድ ድንጋይ፣
«ያንተ ነው»፣ «ያንቺ ነው»፣
ማን ይካበው ስንባባል።
እኔው ካብኩት፤ እሱ አፈረሰው፤
ወይም ውሃው አፈረሰው፤
አሁንስ እንጃ።

የእሳት እራት ግን ካብ አታውቅም፣
የሰው ቂም አትጠይቅም፣
ከእሱ ማሳ አርግዛ
ከእኔ ትወልዳለች።

ድሮ እኛም ረጭተናል። አልዋሽም።
ባሌ ኤርቪን መርዙን በጀርባው አዝሎ፣
አፉን በመሐረብ አስሮ፣ ገደሉን ሲወጣ፤
ማታ ሸሚዙን ለብቻ አጥብ ነበር፣
ከልጆቹ ልብስ ለይቼ።
በዚያ ሳምንት ንቦቹ አይመጡም።
ኤርቪን «ብርድ ነው» ይለኝ ነበር።

እናም ሰቀልን። በየሁለተኛው ግንድ አንድ፣
ጠርዙ ላይ ጠበቅ፣ በጫካው በኩል እጥፍ።
የወይኑን ሐረግ ቀስ ብለን እያነሣን፣
የእነሱን ሐረግ ልንቆርጥ።

አራት ሰዓት ላይ ከካቡ ወዲያ ሳል ሰማሁ።
ፎልክማር ነው። ጎንበስ ብሎ ይሰቅላል።
ማን እንዳግባባው እንጃ።
ሸምግሏል። ቱቦውን ሲያጥፍ
ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ።
እንዳላየሁት ሆኜ ሰቀልኩ፤
እንዳላየኝ ሆኖ ሰቀለ፤
ካቡ ጋ ስንደርስ
ከረጢቱን ገለበጠው። ባዶ።
አራት ግንድ ቀርቶታል።
ቀና አለ።

«ስንት ቀረሽ?»

የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ዝምታ
በሁለት ቃል ተበሳ።
ቱቦውን ነው? ዕድሜዬን ነው?
ጉልበቴን ነው? ያ ሁሉ እልሄን ነው?
«ሰባት» አልኩት።
አራቱን በካቡ ላይ አሳለፍኩለት፤
እጁ እጄን አልነካም።
አመሰገነኝ ወይስ አሳለ፣ አልለየሁትም።

ማታ በረንዳ ላይ መብራቱን አጥፍቼ፣
ከወንዙ ነፋስ ጋር ብቻዬን አምሽቼ፣
አንድ ወንድ አየሁኝ፣ አመድማ፣ ብጫቂ፣
ጥፍር የማይሞላ፣ የአድራሻ ጠያቂ፤
ይዞራል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይሻታል፣
ስሟ ሁሉ ቦታ፣ እሷን ግን አጥቷታል።
ስሙ ነበር እንጂ የእሳት እራት መባል፣
እሳት አልበላውም፤ በፍለጋ ያልቃል።

እጄን አሸተትኩት።
ምንም። ሳሙና ብቻ።
እሱ ግን መጥቶ ጣቴ ላይ አረፈ፤
ክንፉን አርገበገበ፣ ዞረ፣ ደነሰ፤
ያገኛት መሰለው።

«ይቅርታ» ልለው ነበር።
በየትኛው ጠረን?